ለሚታደኑ የዱር ወፎች መኖ ማቅረብ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው መሬት?

ድርጭት፣ ቆቅ ወይም ፌዛንት (ጭራው ረጅም፣ ዶሮ መሰል የአደን ወፍ) የሚያድን ሰው መሬቱ ላይ ወፍ ሲሳሳበት መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ እህል መስጠት ነው። ጥያቄው የሚበዛው ከዚያ በኋላ ነው። የመኖ በርሜል ላቁም ወይስ ልበትን? በቆሎ ይሻላል ወይስ ማሽላ? ወይስ ለጆንያ የማወጣውን ገንዘብ ለዘር ላውለው? ሻጭ የያዘውን ዕቃ ያመሰግናል፤ ጎረቤት አዳኝ ደግሞ ለእሱ የሠራለትን ይነግራል። ሁለቱም የሚዘሉት ነገር አለ፦ ወፏ እህሉን የምትለቅመው የት ቆማ ነው? እህሉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ገላጣ ቦታ ላይ አንገቷን ደፍታ የምትለቅም ወፍ ለጭልፊት የቀረበች ናት። አማራጮቹን ከዚህ በታች የምመዝናቸው ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ጥያቄ ነው።

መመዘኛዎቹ

መጀመሪያ ዓላማ ይለይ። መኖ የሚሰጥባቸው ምክንያቶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው፦ ወፎቹ ክፉውን ወቅት በሕይወት እንዲሻገሩ፣ እናቶቹ ጠንክረው ወደ እንቁላል መጣል እንዲገቡ፣ ወይም ወፎቹ ከመሬቱ እንዳይርቁ። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ወፍ እንዳይርቅ ብቻ የሚደረግ መኖ ወፉን አንድ ቦታ ይሰበስበዋል፤ ለመትረፍ የሚደረግ መኖ ደግሞ መበተን አለበት።

ሁለተኛው መመዘኛ ነጣቂ አውሬና አሞራ ነው። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የምትታደነው ቦብዋይት የተባለችው ድርጭት ከ10 ወፎች ውስጥ ወደ 8 የሚሆኑት የሚቀጥለውን ዓመት አያዩም። አብዛኞቹን የሚገድላቸው ረሃብ ሳይሆን ጭልፊት፣ ራኩን (ማታ የሚዞር የአሜሪካ ትንሽ አውሬ)፣ ቀበሮና እባብ ነው። ታዲያ መኖ በምን ይረዳል? የሚረዳው ወፏ ምግብ ፍለጋ ገላጣ ላይ የምትዞርበትን ሰዓት ሲያሳጥር ነው። ቶሎ ጠግባ ወደ ሣሩ ከተመለሰች ተረፈች። አንድ የአመጋገብ ዘዴ ይህን ሰዓት የሚያረዝም ከሆነ፣ ወይም ነጣቂው ወፏን የት እንደሚያገኛት የሚያስተምረው ከሆነ፣ ምንም ያህል እህል ቢፈስበት ጉዳት ነው።

ሦስተኛው በሽታና ንጽሕና፣ አራተኛው ከወፎቹ ሌላ ማን ይበላዋል የሚለው፣ አምስተኛው ወጪና ጉልበት ነው። ስድስተኛው ሕግ ነው፤ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅ። እህል ጫጩት አያሳድግም። የድርጭትም ሆነ የቆቅ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚበላው በአብዛኛው ነፍሳት ነው፤ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ወደ 28 በመቶ ሲሆን ማሽላና በቆሎ ከ10 በመቶ እምብዛም አይዘሉም። በእንግሊዝ ሰሴክስ ውስጥ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው የግራጫዋ ቆቅ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ፀረ አረም ከእርሻው ላይ አረሙን ሲያጠፋ አረሙ ላይ የሚኖሩት ነፍሳት አብረው ጠፉ፣ ጫጩቶቹም ተከትለው አለቁ። በበርሜል የፈሰሰ ስንዴ ያንን አይተካም።

አንደኛ፦ የመኖ በርሜል

ከታች ጥምዝምዝ ሽቦ ወይም ቀጭን ክፍተት ያለው፣ በእግር ላይ የቆመ ወይም የተሰቀለ ዕቃ ነው። ወፏ ስትነካው ጥሬው ጥቂት በጥቂት ይወርዳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንዴ ከተሞላ ለሳምንታት ያቆያል፣ እህሉን ከዝናብ ይጠብቃል፣ የሚያስፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው። ሩቅ ቦታ ለሚኖርና ወደ መሬቱ በየጊዜው መሄድ ለማይችል ሰው የሚሆነው ይህ ብቻ ነው።

ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ቦታው አይለወጥም፤ ስለዚህ ወፎቹ ብቻ ሳይሆኑ ጭልፊቱም ይለምደዋል። በርሜሉ ሥር የሚፈሰው ጥሬ አይጥ ይጠራል። አይጡን ለማጥፋት ሰው መርዝ ያስቀምጣል፣ በመርዝ የሞተውን አይጥ የሚበላው ጉጉትም ይሞታል። ራኩን፣ የዱር አሳማና አጋዘን ከበርሜሉ የሚወስዱት ድርሻ ደግሞ ብዙ ባለቤቶች ከሚገምቱት በላይ ነው። ማታ ማታ የሚያነሳ ካሜራ አንድ ሳምንት ማስቀመጥ ብቻ እህሉ የት እንደሚሄድ ያሳያል። ይህን ሳያደርጉ ሁለተኛ በርሜል አይግዙ።

በሽታው ደግሞ ዝም ብሎ የሚሠራ ነው። ፌዛንትና ቆቅ ላይ ዓይን ሥር የሚያብጠው የማይኮፕላዝማ በሽታ፣ ርግብና ዋኖስን ጉሮሮ የሚዘጋው ትሪኮሞናስ፣ በአየር ቧንቧ ውስጥ የሚኖረው ጋፕወርም የተባለው ትል፣ ሁሉም ወፎች አንድ ቦታ ላይ ሲጨናነቁ ይመቻቸዋል። የትሉ እንቁላል በኩስ ወጥቶ አፈሩ ውስጥ ይቆያል፤ የመሬት ትሎችም ይሸከሙታል። ስለዚህ በርሜል የሚጠቀም ሰው በየጥቂት ሳምንቱ ጥቂት ሜትሮች ፈቀቅ ማድረግ አለበት። መሬቱ ኩስ በኩስ እስኪሆን መጠበቅ አይገባም።

በርሜል ይሁን ከተባለ ከአንድ ትልቅ በርሜል ብዙ ትናንሾች ይሻላሉ። በፀደይ ወራት ቆቅም ሆነ ወንድ ፌዛንት የራሱን ግዛት ስለሚይዝ፣ አንዱ በርሜሉን ከያዘ ሌላውን ያባርራል። ሁሉም ከቁጥቋጦ ወይም ከአጥር ጥግ መቆም አለባቸው፤ ወፏ ሁለትና ሦስት እርምጃ ሮጣ የምትገባበት እሾህ ያለበት ቦታ ማለት ነው። መሃል ሜዳ ላይ የቆመ በርሜል ባይኖር ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ሣር ውስጥ እየበተኑ መሄድ

ለድርጭት እኔ የምመርጠው ይህን መንገድ ነው። ትራክተር ወይም ትንሽ ባለአራት ጎማ ሞተር ላይ የማዳበሪያ መበተኛ ይታሰራል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ወዳለው ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ጥሬው ይረጫል። መስመሩ በመሬቱ ውስጥ እየተጠማዘዘ ስለሚያልፍ እያንዳንዱ የድርጭት መንጋ በራሱ ሰፈር፣ በራሱ መሸሸጊያ ውስጥ ሆኖ ያገኘዋል። አንዷ ፍሬ ከሌላዋ ርቃ ስለምትወድቅ ራኩንና አሳማ ብዙ ለመሰብሰብ ይቸገራሉ፤ ወፏ ግን በተፈጥሮዋ የምትበላው እንዲሁ ጫር ጫር እያደረገች ነው።

ይህን ዘዴ በስፋት የፈተኑት ፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ አካባቢ ያለው ቶል ቲምበርስ የተባለው የምርምር ተቋምና በዙሪያው ያሉ የድርጭት ርስቶች ናቸው። እዚያ የተለመደው መጠን በዓመት ለአንድ ኤከር (0.4 ሄክታር ያህል) ከ1 እስከ 2 ቡሼል ማሽላ ሲሆን፣ በየሁለት ሳምንቱ ዓመቱን ሙሉ ይበተናል። አንድ ቡሼል ማሽላ 25 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሄክታር በዓመት ከ63 እስከ 125 ኪሎ ግራም ይደርሳል። 100 ሄክታር ያለው ሰው ከ6,300 እስከ 12,500 ኪሎ ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ በየዙሩ ሲካፈል ከ240 እስከ 480 ኪሎ። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ የጀመሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ያቆማሉ፤ መሃል ላይ ማቆም ደግሞ ካለመጀመር የማይሻልበት ጊዜ አለ። ወፎቹ መስመሩን ተማምነው የሚዞሩበትን ሰፈር አጥብበውበታል፤ በክፉው ወር እህሉ ሲቀር በጠበበ ሰፈር ባዶ ያገኛሉ።

የዘዴው ደካማ ጎን ዝናብ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ጥሬ ይበቅላል ወይም ይሻግታል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማፍሰስ ይልቅ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነው። ሌላው መሸሸጊያ ነው፤ ሣሩ ወፏን ካልሸፈናት መበተኑ ትርጉም ያጣል። ከብት እስከ መሬቱ የጋጠው ሜዳ ላይ እህል መበተን ወፎቹን ወደ ገላጣ ማውጣት ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የመጀመሪያው ወጪ ለጆንያ ሳይሆን ለአጥር መሆን አለበት።

ሦስተኛ፦ ገለባ ላይ በእጅ መበተን

በብሪታንያ የፌዛንት ጠባቂዎች የቆየ ልማድ ነው። በጫካ ውስጥ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ገለባ ይነሰነሳል፣ ጠባቂው በየቀኑ እያፏጨ ስንዴ ይበትንበታል። ወፎቹ ገለባውን እየጫሩ ስለሚፈልጉ ረዘም ላለ ጊዜ ይያዛሉ፤ ድምፁንም ይለምዳሉ። ከሁሉም በላይ ጠባቂው በየቀኑ ወፎቹን በዓይኑ ያያል። የታመመችው፣ ዓይኗ ያበጠው፣ የቀነሰው ቁጥር ወዲያው ይታወቃል። ይህን በርሜል አይሰጥም።

ነገር ግን የሰው ጉልበት ይበላል። ገለባው ሲበሰብስ መነሳትና በአዲስ መተካት አለበት፤ የረጠበ ገለባ ሻጋታ ያበቅላል፣ የሻጋታው ብናኝ የወፍ ሳንባ ላይ አስፐርጂሎሲስ የተባለ በሽታ ያመጣል። በየቀኑ የሚመጣ ሰው ከሌለ ይህን አይምረጡ።

አራተኛ፦ ለወፍ የሚዘራ ማሳ

ማሽላ፣ ዘንጋዳ፣ ሱፍ፣ በቆሎ ወይም የእነዚህ ድብልቅ ተዘርቶ ሳይታጨድ ይቆማል። ምግቡና መሸሸጊያው አንድ ላይ መሆናቸው ከሁሉም የተለየ ያደርገዋል። በዳር በዳሩ አረም ከተተወለት ደግሞ ነፍሳት ስለሚኖሩት ከአራቱ ውስጥ ለጫጩት የሚጠቅም ነገር ያለው ይህ ብቻ ነው። መሬት ለማረስ የተዘጋጀ መሣሪያ ላለው ገበሬ ከጆንያ ይረክሳል።

ስፋቱ ላይ ግን መሳሳት ቀላል ነው። በረዶ በሚበዛበት በሰሜን አሜሪካ ሜዳ ላይ ጠባብ የበቆሎ ሰቅ አንድ ማዕበል ሲመጣ በበረዶ ተሞልቶ ይደፈናል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ማሳ ነው፣ ያውም ከደንገልና ከቁጥቋጦ አጠገብ። ፌዛንት በረሃብ ብቻ መሞቱ ብርቅ ነው፤ የሚገድለው ውርጭ፣ ንፋስ የሚነዳው በረዶና ነጣቂ ነው። ከመጠለያው ርቆ የተዘራ ማሳ ወፉን በበረዶ ሜዳ ላይ ያስኬደዋል። ሌላው እንቅፋት አጋዘን ነው። አጋዘን የበዛበት ትንሽ ማሳ ፍሬው ሳይደርስ ያልቃል።

አምስተኛ፦ መኖ ሳይሰጡ መሬቱን መሥራት

በየሁለት ዓመቱ በተራ በተራ ማቃጠል፣ መሬቱን በዲስክ ማረሻ ፈልፈል አድርጎ የዱር ጥራጥሬና አረም እንዲበቅል ማድረግ፣ የተዘጋውን ዛፍ ማሳሳት። ውጤቱ ቶሎ አይታይም፤ ሰው የሚሰለቸውም ለዚህ ነው። ግን ጎጆ የምትሠራበትን ሣር፣ ለጫጩት ነፍሳቱን፣ ለብርዱ ወራት ዘሩን አንድ ላይ የሚሰጥ ሌላ መንገድ የለም። የቶል ቲምበርስ አካባቢ ርስቶች እህል የሚበትኑት መሬታቸውን አዘውትረው እያቃጠሉ፣ እንጨቱን እያሳሱ መሆኑ መረሳት የለበትም። እህሉን ብቻ ቀድቶ መሬቱን የተወ ሰው ከዘዴው ግማሹን ትቷል።

የትኛው እህል?

እዚህ ላይ ፈራጁ ሻጋታ ነው። አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለው ሻጋታ የሚያመርተው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሲሆን ከሁሉ አብልጦ የሚታወቀው በበቆሎ ላይ ነው። በአሜሪካ ለሰው ምግብ የተፈቀደው ጣሪያ በአንድ ኪሎ 20 ማይክሮ ግራም ነው፤ ለማድለቢያ ከብት የሚሸጥ በቆሎ ግን እስከ 300 ሊደርስ ይፈቀዳል። ስለዚህ «የእንስሳት መኖ» የሚል ጆንያ ሁሉ ለድርጭት አይሆንም። ለወፍ ሲገዛ ከ20 በታች መሆኑን የሚያሳይ ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ የሻገተ እህል ወፍ ላይ ማፍሰስ ወፏን በገዛ እጅ መመረዝ ነው።

ማሽላ ለድርጭት ተመራጭ ነው፤ ፍሬው ለአፏ ይመጥናል፣ አጋዘንና ራኩንም ከበቆሎ ያነሰ ይፈልጉታል። በቆሎ ብርታት ሰጪ ነው፣ ለዱር ተርኪ (ትልቅ የአሜሪካ የአደን ወፍ) እና ለፌዛንት ይስማማል፣ ግን ያልተጋበዙትንም ሁሉ ይጠራል። ስንዴ ለፌዛንትና ለቆቅ የተለመደ ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ ግን ቶሎ ይበቅላል። ሱፍ ስብ ስላለው ለብርድ ጥሩ ማጣፈጫ ነው፤ ዋና መኖ ለማድረግ ግን ውድ ነው። የትኛውም ቢሆን በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ከነጣቂ አንጻር | የበሽታ ስጋት | ሌላ እንስሳ የሚወስደው | ጉልበት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የመኖ በርሜል | ደካማ፤ ቦታው ይለመዳል | ከፍተኛ | ብዙ | ትንሽ | መካከለኛ |
| ሣር ውስጥ መበተን | ጥሩ፤ መሸሸጊያ ካለ | ዝቅተኛ | ጥቂት | መካከለኛ፣ የማይቋረጥ | ከፍተኛ |
| ገለባ ላይ በእጅ | መካከለኛ | መካከለኛ፤ ገለባው ካልተለወጠ ከፍተኛ | መካከለኛ | በየቀኑ | መካከለኛ |
| የወፍ ማሳ | ጥሩ | ዝቅተኛ | አጋዘን ካለ ብዙ | በወቅቱ ብቻ | መሣሪያ ላለው ዝቅተኛ |
| መሬቱን መሥራት | እጅግ ጥሩ | የለም ማለት ይቻላል | አይመለከተውም | በወቅቱ ከባድ | ዝቅተኛ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ |

ሕጉ

አንድ ጆንያ ገብስ በአንዱ አገር ደግነት፣ በሌላው ወንጀል ሊሆን ይችላል። በብሪታንያ ዳክዬ የሚያርፍበት ኩሬ ዳር ገብስ መበተን የተለመደ የአደን ዝግጅት ነው። በአሜሪካ ግን እህል በተበተነበት ቦታ ዳክዬ፣ ዝይ ወይም ዋኖስ ማደን ስደተኛ ወፎችን በሚጠብቀው የፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ እህሉ ሙሉ በሙሉ ከተነሳ በኋላም ቦታው ለ10 ቀናት እንደ ማጥመጃ ይቆጠራል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ ሕጉ የሚይዘው የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ የሚገባውንም አዳኝ ነው፤ ስለዚህ «ሌላ ሰው የበተነው መሰለኝ» ማለት አያድንም። ድርጭት፣ ፌዛንትና የዱር ተርኪ ስደተኛ ስላልሆኑ በየግዛቱ ሕግ ይዳኛሉ፤ አንዱ ግዛት የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ወጥመድ አለ። ለድርጭት ብሎ ማሽላ የሚበትን ሰው መሬቱ ላይ ዋኖስ የሚያድን ከሆነ፣ በሕጋዊ ሥራው ሕገወጥ ቦታ ፈጥሯል። ሁለቱንም የሚያድን ሰው ወይ ወቅቱን ይለይ፣ ወይ ዋኖሱን ይተው።

ሕጉ ቢፈቅድም በርሜል ሥር ቆሞ መተኮስ እኔ የማልቀበለው ነው። በክፉው ወር አምናህ የመጣችን ወፍ እዚያው መግደል አደን አይባልም።

ለማን የትኛው?

ትንሽ መሬትና ትንሽ ገንዘብ ላለው፦ እህል አይግዙ። ገንዘቡ ለዲስክ፣ ለዘርና ለቁጥቋጦ ይሁን። በትንሽ መሬት ላይ የተበተነ እህል የጎረቤትን ወፍ ከማሰባሰብ ያለፈ ብዙ አይሠራም።

ሰፊ መሬትና ጥሩ ሣር ያለው፣ ድርጭት የሚያድን፣ በጀቱም የሚችል፦ ማሽላ መበተን፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ዓመቱን ሙሉ። የዓመቱን እህል ዋጋ አስቀድሞ መያዝ ካልቻሉ አይጀምሩ፤ ወይም መሬቱን ሁሉ ከመዳሰስ ጥሩ መሸሸጊያ ያለበትን ክፍል ብቻ መርጠው እሱን እስከ መጨረሻው ይያዙ።

ገበሬ ሆኖ ፌዛንት ወይም ቆቅ የሚፈልግ፦ ከመጠለያው አጠገብ ሰፋ ያለ ማሳ፣ ዳሩ ላይ ያልተረጨ አረም። በርሜል ከፈለገ ጥቂት ትናንሾች በአጥሩ ሥር ይጨምር።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሬቱ ላይ የሚደርስ፦ በርሜል፤ ግን በእሾህ ጥግ፣ በየጊዜው ፈቀቅ የሚል፣ ካሜራ የሚጠብቀው። አይጥ ከታየ በርሜሉ ይነሳ፣ መርዝ አይቀመጥ።

ለሁሉም የሚሆን አንድ የጊዜ ምክር አለኝ። የእንግሊዝ የፌዛንት አደን ፌብሩዋሪ 1 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ሲዘጋ ብዙዎች መኖውንም በዚያው ቀን ይዘጋሉ። የዱር ዘር ተሟጥጦ አዲሱ ገና ያልበቀለበት፣ እናቶቹም እንቁላል ለመጣል ሰውነት የሚገነቡበት ወራት የሚጀምረው ግን ልክ ያን ጊዜ ነው። የእንግሊዙ ጌም ኤንድ ዋይልድላይፍ ኮንሰርቬሽን ትረስት የተባለው የዱር እንስሳት ጥበቃና ምርምር ድርጅት መኖው እስከ ፀደይ መጨረሻ እንዲቀጥል የሚመክረው ለዚህ ነው። የወቅቱ እህል ሲገዛ ከአደኑ በኋላ ላሉት ሦስትና አራት ወራት የሚሆነው ከመጀመሪያው ተለይቶ ይቀመጥ።